የዳን ገርኒ ቁራጭ ላሜራ

አየር መኪናን ወደ ኋላ መጎተት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ያነሣታል። የቤት መኪና ጣሪያ ጎበጥ ያለ ነውና በላዩ የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ጎማዎቿ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይሳሳል። የአውሮፕላንን ክንፍ ገልብጦ መግጠም ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጎማውን አስፋልቱ ላይ ይጫነዋል። መሠረቱ ይኸው ነው።

ስፖይለርና ክንፍ ግን አንድ አይደሉም። ክንፍ ከላይም ከታችም አየር ያልፍበታል፤ ስፖይለር ከመኪናው ገላ ጋር የተጣበቀ ከንፈር ሲሆን አየሩ የኋላውን ቁልቁለት ተከትሎ እንዳይወርድ ይቆርጠዋል። ዐይን የማይገባ ነገር ነው ብሎ የሚንቀው ካለ የኦዲ ቲቲን ታሪክ ያስታውስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወጣችው ይህች ድቡልቡል መኪና በጀርመን አውቶባን ላይ በከፍተኛ ፍጥነት አደጋ ሲደጋገምባት፣ ኩባንያው መልሶ ጠርቷት ከሌሎች ማስተካከያዎች ጋር ኋላዋ ላይ ትንሽ ስፖይለር ጨመረላት።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ከዚያም ያነሰውን ነው። በ1971 አሜሪካዊው ዳን ገርኒ፣ ከእሽቅድምድም ጡረታ ወጥቶ ቡድን የሚመራበት ጊዜ ነበር፣ ፊኒክስ ላይ መኪናውን ያስሞክራል። ነጂው ቦቢ አንሰር ሰዓቱ አልሻሻል ብሎት ተማሮ አንድ ዘዴ ፈልግ ይለዋል። ገርኒ በቀጤ ማዕዘን የታጠፈ ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ አስቆርጦ በኋላው ክንፍ ጫፍ ላይ ወደ ላይ አቁሞ አሰረው። አንሰር ዞሮ ተመለሰ፤ ሰዓቱ ያው ነው። ከመኪናው ሳይወርድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰው አይቶን ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። ኋላዋ መሬቱን እንዲህ ነክሶ ስለያዘ አፍንጫዋ ለመሪው አልታዘዝ ብላ ነበር ሰዓቱ ያልተሻሻለው። የፊቱን ክንፍ ሲያስተካክሉት መኪናዋ በረረች።

ይህች ቁራጭ ከፊቷ ያለውን አየር አቁማ ግፊቱን ታበዛለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ሁለት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ትንንሽ ሽክርክሪቶች ይፈጠሩና በክንፉ ሆድ የሚያልፈው አየር ሳይላቀቅ እስከ ጫፍ እንዲሄድ ይስቡታል። የዳግላስ አውሮፕላን ኩባንያው መሐንዲስ ሮበርት ሊቤክ ነገሩን አጥንቶ በ1978 አሳተመው። ቁመቷ ከክንፉ ስፋት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ይበቃል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋ ክንፍ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ስትረዝም የምትጎትተው አየር ከምትሰጠው ጥቅም ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ የቪትዝ ኋላ በር ላይ ክንድ የሚያህል ክንፍ በቡሎን ሲታሰር አገኘሁ። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ ባለቤቱ «መሬት እንድትይዝ ነው ጋሼ» አለኝ። ወንድሜ፣ ቪትዝ የምትጎተተውም የምትታጠፈውም በፊት ጎማዋ ነው፤ ከኋላ አክስሏ ወዲያ የተጫነ ኃይል አፍንጫዋን ወደ ላይ ያነሣዋል እንጂ አይጠቅማትም። ደግነቱ ኃይሉ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር 160 ኪሎ የሚጫን ክንፍ በ60 የሚጫነው 10 ኪሎ ብቻ ነው። የላሜራው በር ግን ክንፉን ተሸክሞ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ቡሎኑ ሥር ይሰነጠቃል። ፓራውልት ሥር የሚገጠመውን ከንፈርም መሬት ሲነካው ግማሹን ቆርጠው የሚነዱ አሉ፤ ግማሽ ከንፈር ግራና ቀኙን የተለያየ ያደርገዋል፣ ጨርሶ ቢያወጡት ይሻላል።

ገርኒ ምስጢሩን በውሸት ነበር የጠበቀው። ቁራጯ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቁት፣ መኪናዋን በእጅ የሚገፉ ሰዎች ጣታቸው እንዳይቆረጥ ነው ይላቸው ነበር። ተፎካካሪዎቹ ሳይገባቸው ቀዱት፤ አንዳንዶቹም እናሻሽለው ብለው ወደ ታች አዙረው ገጠሙትና መኪናቸውን አባሱት።