ስለ ግዛዋ ሥርና ስለ ወንዶች መካንነት የተደረገ ምርመራ

በየወረዳው ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ የጠባቸው ሥር ልጅ ማጣት ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ ነው። በዚህም ነገር አስቀድማ የምትወቀሰው ሴቲቱ ናት። ሐኪሞች መርምረው እንዳገኙት ግን፣ ልጅ ካጡት ባለ ትዳሮች በግማሹ ገደማ ጉድለቱ በባልየው ብቻ ወይም በሁለቱም ዘንድ ይገኛል። ይህን በልቡ የሚጠረጥር ባል ሐኪም ቤት ከመታየት ይልቅ በስውር ወደ ሥር ማሽ መሄዱን ይመርጣል። ስለዚህ የሚቀበለው ሥር በእውነት የተፈተነ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ማወቅ ለሹማምንትም የሚገባ ነገር ነው።

ከተፈተኑት ዕፀዋት አንዱ በአገራችን በአጥርና በመንገድ ዳር የሚበቅለው ግዛዋ ነው። ከድንችና ከበርበሬ ወገን ሲሆን፣ ቀይዋ ፍሬው እንደ ወረቀት በሳሳ ገለፈት ተሸፍና ትታያለች። በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ለጭስ ይፈለጋል። በህንድ አገር ግን አሽዋጋንዳ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የፈረስ ሽታ ማለት ነው። በማድያ ፕራዴሽ ያሉ ገበሬዎች እንደ ሰብል ዘርተው፣ ሥሩን ቆፍረውና አድርቀው ለገበያ ያቀርቡታል፤ የአገሩም ባለ መድኃኒቶች ከጥንት ጀምሮ ለደከመ ወንድ ያዝዙታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የህንድ ሐኪሞች ስለዚህ ሥር ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ዘራቸው ያነሰ 46 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለ21ዱ ከሥሩ የወጣውን መድኃኒት በቀን 675 ሚሊ ግራም ለ90 ቀን ሰጡ። ለቀሩት 25 ሰዎች ግን መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ሰጧቸው። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ ከዚህ ባነሰ ጊዜ የሚደረግ ፈተና ብዙ ነገር አያሳይም።

ባዶው እንክብል ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ ገበሬን ይመልከት። ማሳውን ሁሉ ፍግ ያለበሰ ገበሬ ምርቱ ቢበዛለት፣ ያበዛው ፍጉ ይሁን ዝናሙ ለይቶ አያውቅም፤ ከማሳው አንዱን ወገን ያለ ፍግ ቢተወው ግን ያውቃል። የወንድም ዘር እንዲሁ ነው። የአንዱ ሰው ዘር ቍጥር እንኳ ከጊዜ ወደ ጊዜ እጅግ ስለሚለዋወጥ፣ ባነሰበት ቀን የተመረመረ ሰው ምንም ሳይጠጣ በኋላ ሊበዛለት ይችላል። «እገሌ ጠጥቶ ወለደ» የሚለው የጎረቤት ምስክርነት ሐሰት ባይሆንም ማስረጃ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ሥሩን በወሰዱት ዘንድ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ 9.59 ሚሊዮን የነበረው የዘር ቍጥር ወደ 25.61 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ ባዶውን በወሰዱት ግን ለውጡ ጥቂት ነበር። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው። ነገር ግን 46 ሰው ጥቂት ነው፤ የተቈጠረውም ዘር እንጂ የተወለደ ልጅ አይደለም። በዚህ በኩል ዚንክና ፎሊክ አሲድ የደረሰባቸውን ማስታወስ ይገባል። በትንንሽ ምርመራዎች ዘርን ያበዛሉ ተብለው ሲወደሱ ቆይተው፣ በአሜሪካ በ2,370 ባለ ትዳሮች ላይ ተፈትነው ውጤቱ በ2020 ዓ.ም. ሲታተም፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 34፣ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 35 ልጅ ወልደው ተገኙ።

ደግሞም በህንድ የተፈተነው በልክ ተመጥኖ የተሰናዳ መድኃኒት ነው። ከመንገድ ዳር የተነቀለ ሥር፣ ይልቁንም ቅጠሉ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ በቀለበት መሬት ኃይሉ ስለሚለያይ፣ የዚያ ፈተና ውጤት ለእርሱ ምስክር አይሆንም። ይህን ተክል በመድኃኒትነት ከወሰዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ጉበታቸው እንደ ተጎዳ በልዩ ልዩ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል፤ ዴንማርክም በ2023 ዓ.ም. ከልክላዋለች።

አንድ ዓመት አብረው ኖረው ሳይፀንሱ የቀሩ ባልና ሚስት ምክር ቢጠይቁ፣ ሁለቱም በአንድነት ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ማስረዳት ያሻል። የባልየው ዘር በአጉሊ መነጽር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታያል። የዘሩ መተላለፊያ የተዘጋበት ሰው ሥር ሲጠጣ ዓመት ቢያሳልፍ መንገዱ አይከፈትለትም፤ የሚስቱም የመውለጃ ዕድሜ አብሮ ያልፋል። አስቀድሞ የጠጣ ሰው ደግሞ ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ወይም ሽንቱ ቢጠቍር፣ መጠጣቱን ትቶ፣ የጠጣውንም ሥር ይዞ ፈጥኖ ለሐኪም ያሳይ።