ግሩፑ የማን ነበር?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ «ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ» የሚባለውን ነገር ይመለከታል። ስሙ ሲሰማ የኮምፒዩተር ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ለእኔ ግን ነገሩ የጀመረው ከእድር ነው።

እኔ የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። የሠፈራችን እድር ሰው ሲሞት ጥሩንባ ያስነፋ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ወጣቱ ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ስለተበተነ አንድ የሠፈራችን ልጅ በስልኩ ግሩፕ ከፈተና ሁላችንንም አስገባን። (የመተግበሪያውን ስም ልተወው፤ በየትኛውም ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።) ሞቱም፣ ሠርጉም፣ የወሩ መዋጮም፣ የጠፋ በሬ ሳይቀር እዚያ ይነገር ጀመር። ጥሩንባው ቀስ በቀስ ተረሳ።

ባለፈው ዓመት የልጁ ስልክ ተሰረቀ። አካውንቱ ውስጥ ሌላ ሰው ገባ፣ ግሩፑ ላይ የማናውቀው ማስታወቂያ ይለጠፍ ጀመር፣ ብዙም ሳይቆይ ግሩፑ ራሱ ጠፋ። ከልጁ ሌላ አድሚን አልነበረም። ለድርጅቱ ብንጽፍም መልስ አላገኘንም። በዚያው ሰሞን ከልጅነቴ ጀምሮ እንጀራ ቆርሰው ያበሉኝ ጎረቤታችን አረፉ። ማክሰኝት ያለው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ጎንደር ያለነው ግን አልሰማንም። ሁሉም «ሌላው ነግሯቸዋል» ብሎ ነበር ለካ። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ከሚፈጅ ቦታ ተነስቼ ለቀብር ሳይሆን ለሠልስት ደረስኩ። የሟቿ ልጅ እጄን ይዛ «አንተም ቀረህ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያ ግሩፕ የማን ነበር? የእድሩ? የልጁ? ወይስ የድርጅቱ?

ሁሉም ነገር በአንድ ቤት

ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብም ሆነ ቴሌግራም፣ ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። የምንጽፈው ነገር መጀመሪያ የሚደርሰው ሰርቨር ወደሚባሉት የኩባንያው ኮምፒዩተሮች ነው። ክፍል ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ጓደኛዬ ፌስቡክ ላይ ብጽፍለት እንኳ መልእክቱ የኩባንያው ቤት ደርሶ ነው የሚመለሰው። የቤቱን ደንብ የሚያወጣው፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለቤቱ ነው። የተማከለ የሚባለው ይኼ ነው።

ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ለመጠቀም ቀላልና ፈጣን ነው። ችግሩ የሚታወቀው ቤቱ ሲናጋ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ምክንያቱም ሦስቱም የአንድ ኩባንያ ናቸው። ታላላቆቻችን ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈሉ ይጻጻፉበት የነበረው ያሁ ሜሴንጀርም እ.ኤ.አ. በ2018 ባለቤቱ ዘጋው፣ በቃ አለቀ።

ዜሮ ዘጠኝና ዜሮ ሰባት

ታዲያ ያልተማከለ ማለት ምን ማለት ነው? በስልክ ቁጥራችን ላስረዳ። ለረጅም ዘመን በአገራችን የነበረው አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም በይፋ ሥራ ሲጀምር በ09 ከሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ሌላ በ07 የሚጀምር ቁጥር መጣ። ባለ 09ኙ ለባለ 07ቱ ይደውላል፣ ይደዋወላሉም። ድርጅቶቹ ተፎካካሪዎች ናቸው፣ መስመራቸው ግን ይነጋገራል። ባይነጋገር ኖሮ ሁላችንም ሁለት ሁለት ስልክ መያዝ ግድ ይሆንብን ነበር።

አፕ ላይ ግን የምናደርገው ልክ እንደዚያ ነው። ፌስቡክ ብቻ ያለው ሰው ቴሌግራም ብቻ ላለው ሰው መጻፍ ስለማይችል ሁሉንም እንጭናለን፣ ስልኩ «ቦታ ሞላ» እያለ ያስጨንቀናል። ኢሜይልን ደግሞ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው መልእክት ከላከ ወዲህ ኢሜይል አንድ ባለቤት ኖሮት አያውቅም። ጂሜይል ያለው ያሁ ላለው ይጽፋል። የጋራ የሆነው ደንቡ ነው፣ ቤቱ ግን የየራስ ነው።

ይህንኑ ሐሳብ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ካመጡት አንዱ ማስቶዶን ነው። ኦይገን ሮችኮ የተባለ ጀርመን አገር የሚኖር ወጣት ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው። ማስቶዶን አንድ ቤት ሳይሆን ብዙ ቤቶች ነው። ኮሌጅም፣ ከተማም፣ እድርም የራሱን ሰርቨር ተክሎ የራሱን ደንብ ማውጣት ይችላል። በአንዱ ሰርቨር ያለው ሰው በሌላው ያለውን መከተል፣ ለጽሑፉም መልስ መስጠት ይችላል። ሰርቨሮቹ የሚግባቡበት አክቲቪቲፐብ የተባለው ደንብም እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደንብ አውጪ ማኅበር ጸድቋል። ኢሎን ማስክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ትዊተርን ሲገዛ ብዙ ሰው ወደ ማስቶዶን ጎረፈ። ብሉስካይ የሚባለውም ሌላ ደንብ ይዞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ግን...

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ላይ «በቃ፣ የእድራችን መድኃኒት ተገኘ!» ብዬ ነበር። ረጋ ብዬ ሳስበው ግን ሦስት ነገሮች አቆሙኝ።

አንደኛ፣ ሰው የለበትም። እናቴ ማስቶዶን ላይ የለችም፣ የእድሩ ሊቀመንበርም የሉም። ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው፤ ገበያ ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም።

ሁለተኛ፣ ሰርቨር ጠባቂ ይፈልጋል። መብራት፣ ገንዘብ፣ ሌሊት ቢበላሽ የሚነሳ ሰው ያስፈልገዋል። ጠባቂው ሲደክመው ወይም ገንዘብ ሲያጥረው የተዘጋ ሰርቨር አለ። ማስቶዶን ላይ ሰው ሰርቨር ሲቀይር ተከታዮቹን ይዞ መሄድ ይችላል፣ የጻፈው ግን እዚያው ይቀራል። ሰርቨሩን አንድ ሰው ብቻ ከያዘው ከእኛ ሠፈር ልጅ ታሪክ በምን ተለየ?

ሦስተኛውና ትልቁ መስመሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው ነበር። ያኔ ሌላ አፕ ያለው ሰው ሌላ መንገድ ነበረው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ያኔ የተማከለውም ያልተማከለውም አፕ እኩል ዝም አለ። ምክንያቱም ቤቶቹ ሺህ ቢሆኑም ወደ ቤቶቹ የሚወስደው መንገድ አንድ ነው።

በነገራችን ላይ ያለ መስመርም የሚኬድበት መንገድ አለ። ብራየር የሚባል አፕ ኢንተርኔት ሲጠፋ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ መልእክት ያቀብላል፤ ርቀቱ ግን አጭር ነው። እኛስ ብንሆን ፊልምና ዘፈን በዜንደር ስንቀባበል፣ ሱቅ ሄደን ሜሞሪ ስናስጭን አልነበረም? ስሙን ሳናውቀው ያልተማከለ ሚዲያ ስንጠቀም ኖረናል ማለት ነው።

ወደ እድራችን ልመለስ። ግሩፑ ሲጠፋ የአባላቱን ዝርዝርና የመዋጮውን ሒሳብ ያገኘነው ከእድሩ ጸሐፊ ደብተር ነው። «ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ እንዴት ጻፉት?» ብላቸው «ልጄ፣ እናንተ ግሩፕ ስትከፍቱ እኔ መጻፌን አልተውኩም» አሉኝ።

አሁን አዲስ ግሩፕ አለን። አድሚኖቹ ሦስት ናቸው፣ በሦስት የተለያየ ቦታ ይኖራሉ። የሁላችንም ስልክ ቁጥር ደብተሩ ላይ ተጽፏል። ጎንደር ላለነው የሚደውል አንድ ሰው፣ አዲስ አበባ ላሉት ሌላ ሰው ተመድቧል። ጥሩንባውም እንደገና ይነፋል። አፑ ያው የተማከለው ነው፤ እድሩ ግን በእሱ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የድሩን ጫፍ የያዘው አንድ እጅ ብቻ ከሆነ ግን አንበሳ ቀርቶ ፍየልም አያስር። ስለዚህ እናንተም ዛሬ ስልካችሁን አንሱና የክፍላችሁን፣ የማኅበራችሁን፣ የቤተሰባችሁን ግሩፕ ክፈቱ። አድሚኑ ስንት ነው? ቁጥሮቹ ሌላ ቦታ ተጽፈዋል? ነገ ግሩፑ ቢጠፋ ማን ለማን ይደውላል?

እኔ ጥያቄውን የጠየቅሁት ከሠልስት በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቸር ይግጠመን!