አርዱይኖና አሮጌው ሞተር

ቁራሌው በሽሮ ሜዳ ዳገት እየተጣራ ሲያልፍ የተበላሸ ፕሪንተሩን በጥቂት ብር አስረክቦ የተገላገለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ ግን ገና ያልደከመ ሞተር፣ ባለጥርስ መዘውርና የለሰለሰ የብረት ዘንግ አሉ፤ ለእነዚህም ዳግመኛ ግብር የሚሰጣቸው መዳፍ የማይሞላ ሰሌዳ አለ።

ሰሌዳው አርዱይኖ ይባላል። በ2005 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ፣ በኢቭሬያ ከተማ፣ ለተማሪዎች ተብሎ ተጀመረ፤ ስሙንም የወሰደው በ1002 እ.ኤ.አ. በነገሠው በንጉሥ አርዱይን ስም ከተሰየመ የከተማይቱ ቡና ቤት ነው። ኡኖ በተባለው ዓይነት ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ከኮምፒዩተር የተጻፈለትን ትእዛዝ በ32 ኪሎባይት ማኅደሩ ይዞ ይፈጽማል።

ነገር ግን ማዘዝ ሌላ፣ መሸከም ሌላ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። መሪጌታው ዜማውን ይመራል እንጂ ከበሮውን አንግቶ አይመታም፤ የሰሌዳውም አንዲት እግር ያለ ሥጋት የምትሰጠው 20 ሚሊአምፔር ያህል ሲሆን ትንሽ ሞተር እንኳ ሲነሣ ብዙ መቶ ይጠይቃል። ስለዚህ ትእዛዙን ከእግሯ ተቀብሎ የሞተሩን ኃይል ከሌላ ምንጭ የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር በመካከል ይቆማል። ከዚህም በላይ፣ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በመግነጢሱ የተከማቸው ኃይል መውጫ አጥቶ እጅግ የበረታ ግፊት ይወልዳል፤ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ አዎንታዊው ዞሮ በሞተሩ ሁለት ጫፎች መካከል የተበየደ አንድ ዳዮድ ግን ይህን ኃይል በራሱ በኩል አዙሮ ያበርደዋል። «ያለ እርሱም ይሽከረከራል» እያሉ ዳዮዱን የሚተዉትን አጥብቄ እወቅሳለሁ፤ የሚሽከረከረው ትራንዚስተሩ እስኪቃጠል ብቻ ነውና።

እዚሁ ጉለሌ፣ የሸማኔ ልጅ የሆነ ጎረቤቴ በአባቱ ቀሰም ላይ ማጉን የሚጠቀልል መሣሪያ ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር ሲሠራ መጀመሪያ ሞተሩን በቀጥታ ከሰሌዳው እግር አገናኝቶ አንድ ሰሌዳ አጠፋ። በሁለተኛው ትራንዚስተሩንና ዳዮዱን በካውያ አብረን በየድን፤ ሰሌዳው ዙሩን በዳሳሽ እንዲቆጥርም በመዘውሩ ላይ አንዲት ማግኔት አጣበቅን። ቀሰሙ ሞልቶ ሞተሩ በራሱ ሲቆም አባትየው አንሥተው በጣታቸው ጥብቀቱን ፈተኑ፤ ቃልም ሳይናገሩ በመወርወሪያቸው ከተው ወደ ሸማ ጉድጓዳቸው ወረዱ።