እንዴት ይሠራል? የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ኢንቴክ ማኒፎልድ

እ.ኤ.አ. የ2002 ሥሪት የሆነው ኮርቬት ዚ06 405 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለዚያ ሁሉ ጉልበት አየር የሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ግን ፕላስቲክ ነበር። በመኪና ወዳዶች ዘንድ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። አንዱ «ፕላስቲክ ለርካሽ መኪና ነው፤ አውጥተህ አሉሚኒየም ግጠም» ይላል። ሌላው «አሉሚኒየም ሞተሩ የጋለ አየር እንዲስብ ያደርጋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ። አየር በማጣሪያው ገብቶ ስሮትሉን ካለፈ በኋላ ማኒፎልዱ ውስጥ ካለው ሰፊ ክፍል ይደርሳል። ከዚያ ለየሲሊንደሩ በተለየ ቱቦ ተከፋፍሎ ወደ ቴስታታው ይወርዳል። ባለ 5.7 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲሽከረከር በየሰከንዱ እስከ 280 ሊትር አየር ይስባል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በዚያች ሰከንድ ውስጥ 50 ጊዜ አየር ይወስዳል ማለት ነው።

ሞተር የሚፈልገው ቀዝቃዛ አየር ነው፤ አየር ሲሞቅ ይሳሳልና። 30 ዲግሪ የነበረው አየር 60 ቢደርስ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሞቃት አየር ነዳጁ ያለጊዜው እንዲፈነዳ ስለሚያደርግ፣ የመኪናው ኮምፒዩተር ሞተሩን ለማዳን የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ ጉልበትም አብሮ ይወርዳል።

ፕላስቲክ የሚመረጠው እዚህ ላይ ነው። የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ እጀታው ፕላስቲክ የሆነው እጅ እንዳያቃጥል ነው፤ ማኒፎልዱም ከሚግለው ቴስታታ ጋር በቡሎን ስለሚታሰር ጉዳዩ ያው ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከፕላስቲክ ከመቶ እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ማኒፎልድ የሚሠራበት ፕላስቲክ ደግሞ ተራ ፕላስቲክ ሳይሆን የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን ነው። ክብደቱ የአሉሚኒየምን ግማሽ ያህል ነው፤ ውስጡም በአሸዋ ቅርጽ ከፈሰሰ አሉሚኒየም ይልቅ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል።

ይሁን እንጂ የሙቀቱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው መኪናው መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም፣ ወይም ጠፍቶ ጥቂት ቆይቶ ሲነሣ ነው። ነዳጅ ተረግጦ ሲበር አየሩ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ከግድግዳው ብዙ ሙቀት አይወስድም። ስለዚህ አሉሚኒየም የገጠመ ሰው በሩጫ ላይ የሚከስረው፣ ሞተሩ ቆሞ ሲነካው ከሚሰማው ግለት አንጻር ትንሽ ነው።

ጉልበቱን በይበልጥ የሚወስነው የቱቦው ቅርጽ ነው። ቫልቩ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይመላለሳል። ሞገዱ ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ተጨማሪ አየር ገፍቶ ያስገባል። ረጅምና ጠባብ ቱቦ ይህን በዝቅተኛ ዙር ያሳካል፤ አጭርና ሰፊ ቱቦ በከፍተኛ ዙር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሙስታንግ ቦስ 302 ከሙስታንግ ጂቲ የሚለይበት አንዱ ነገር የማኒፎልዱ ቱቦ ማጠሩ ነው። የሁለቱም ማኒፎልድ ግን ፕላስቲክ ነው።

ታዲያ የፕላስቲክ ስም የጠፋው በምን ምክንያት ነው? በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው ባለ 4.6 ሊትር ሞተሩ ላይ የራዲያተር ውኃ የሚያልፈው በራሱ በፕላስቲኩ ማኒፎልድ ውስጥ ነበር። ትኩስ ውኃ ከዓመት ዓመት ሲመላለስበት ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ፤ ውኃው ፈሰሰ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀ፤ የተሻሻለው ማኒፎልድም የውኃ መተላለፊያው በአሉሚኒየም ተተካ። የጄኔራል ሞተርስ ባለ 3.8 ሊትር ሞተርም ከጭስ የሚመለስ ትኩስ ጋዝ በፕላስቲኩ ውስጥ ያልፍ ስለነበር ተመሳሳይ ችግር ገጥሞታል። በኮርቬቱ ማኒፎልድ ውስጥ ግን ውኃ አያልፍም።

አሉሚኒየም የሚያሸንፈው ግፊት ሲመጣ ነው። ተራ የፕላስቲክ ማኒፎልድ በመንቀጥቀጥ ከተበየዱ ክፍሎች የተሠራ ነው። ፋብሪካው ላላሰበው ሞተር ቱርቦ ወይም ናይትረስ ከተጨመረ፣ በተለይ እሳት ወደ ኋላ ተመልሶ ማኒፎልዱ ውስጥ ከፈነዳ፣ ብየዳው ሊቀደድ ይችላል። ከመነሻው ለቱርቦ ተሰልተው የተሠሩ የፕላስቲክ ማኒፎልዶች ግን በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ በሰላም ይሠራሉ። አሉሚኒየም ሌላም ጥቅም አለው፦ በአርጎን ይበየዳል፣ ይሞረዳል፣ ይበሳል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ግን መለወጥ እንጂ መጠገን አያዋጣም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ሞተርዎ ያለ ቱርቦ በራሱ የሚተነፍስ ከሆነና ማኒፎልዱ ውስጥ ከአየር በቀር ሌላ ነገር የማያልፍ ከሆነ፣ ፕላስቲኩን አይንኩት። ከፋብሪካው ልክ በላይ ግፊት ሊጨምሩ፣ ወይም ማኒፎልዱን ሊበሱና ሊበይዱ ካሰቡ አሉሚኒየም ይግዙ። ከሁሉም በፊት ግን የቱቦው ርዝመት ከሚነዱበት ዙር ጋር መስማማቱን ይጠይቁ። ፕላስቲክ የሚገጥም መካኒክም ቡሎኑን በጉልበት እንዳያጠብቅ ያሳስቡት፤ የኮርቬቱ የማኒፎልድ ቡሎን የሚጠበቀው በ10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው።