ጭምብል ያጠለቀ ምስክር፦ ልዕለ ጀግኖች በአሜሪካ የማስረጃ ሕግ ፊት

በኮሚክ መጻሕፍትና በሚና ጨዋታዎች ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚቋጨው ወንጀለኛው ሲያዝ ነው። ጭምብል ያጠለቀው ጀግና ወንጀለኛውን አስሮ ከፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ያኖርና ይሰወራል። ለሕግ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዓቃቤ ሕጉ በምን ማስረጃ ይከሳል? ምስክሩስ ማን ነው? አብዛኞቹ ታሪኮች የሚፈጸሙት በአሜሪካ በመሆኑ የዚያች አገር ሕግ ለጥያቄው ተገቢ መመርመሪያ ነው። በዚህ ሕግ ዘንድ ወሳኙ ነገር ጀግናው ያለው ኃይል ሳይሆን በማን ስም እንደሚሠራ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ብርበራ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ምክንያታዊ ያልሆነ ብርበራን ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1961 በማፕ እና ኦሃዮ ጉዳይ፣ ይህን ክልከላ በመጣስ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት እንደሌለው ወስኗል። ይሁን እንጂ ክልከላው የሚያስረው መንግሥትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በታየው የበርዶ እና ማክዳወል ጉዳይ፣ የግል ሰዎች ከአንድ ግለሰብ ቢሮ የወሰዷቸውን ሰነዶች መንግሥት በማስረጃነት ሊጠቀምባቸው እንደሚችል ተፈርዷል። ስለዚህ መስኮት ሰብሮ ወደ ወንጀለኛ መጋዘን የገባ ብቸኛ ጀግና ራሱ ሊከሰስ ቢችልም፣ ያገኘው ሰነድ ከማስረጃነት ላይወድቅ ይችላል።

የጀግናው ብቸኝነት ግን ብዙ ጊዜ አጠራጣሪ ነው። ፍርድ ቤቶች የግል ሰው የመንግሥት ወኪል መሆን አለመሆኑን ሲመዝኑ፣ ፖሊስ ድርጊቱን ያውቅና ያበረታታ እንደሆነ፣ ግለሰቡም ፖሊስን ለመርዳት አስቦ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ኮሚሽነር ጎርደን ከፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ መብራት አብርቶ ባትማንን ሲጠራ፣ ለተከሳሹ ጠበቃ ከዚህ የበለጠ መከራከሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ፈተና ምስክርነት ነው። ስድስተኛው ማሻሻያ ተከሳሽ ከሚመሰክሩበት ሰዎች ጋር ፊት ለፊት የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 በስሚዝ እና ኢሊኖይ ጉዳይ፣ የዓቃቤ ሕጉ ዋና ምስክር እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን እንዳይናገር በመደረጉ የተከሳሹ መብት እንደተጣሰ ተወስኗል፤ ማንነቱ ያልታወቀን ሰው በመስቀለኛ ጥያቄ መፈተን አይቻልምና። እ.ኤ.አ. በ1990 የሜሪላንድ እና ክሬግ ውሳኔ ሕፃን ምስክር በቴሌቪዥን መስመር እንዲመሰክር ቢፈቅድም፣ ልዩ ሁኔታው ጠባብ ነው።

ማርቭል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያሳተመው «ሲቪል ዋር» ይህን ውጥረት ሳያስበው ያጎላዋል። በታሪኩ ውስጥ በስታምፎርድ ከተማ ከደረሰ ፍንዳታ በኋላ፣ ጀግኖች ማንነታቸውን ለመንግሥት እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድድ ሕግ ይወጣል። የተመዘገበ ጀግና በስሙ ሊመሰክር ይችላል፤ ነገር ግን በመንግሥት ስም ስለሚሠራ ያለ ማዘዣ መበርበር አይችልም። ያልተመዘገበው ደግሞ ያገኘው ሰነድ ሊጸና ቢችልም፣ ጭምብሉን ሳያወልቅ ሊመሰክር አይችልም። ምዝገባ የምስክሩን ችግር ሲያቃልል የብርበራውን ችግር ይወልዳል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው «ቻምፒየንስ» የተሰኘው የሚና ጨዋታ ሥውር ማንነትን እንደ ጉድለት ቆጥሮ፣ ለተጫዋቹ በምትኩ ነጥብ ይሰጠዋል። የጨዋታው መሪ ይህን ዋጋ እስከ ችሎት ድረስ ቢያስከፍል ከሕጉ መንፈስ ጋር ይስማማል። የኮሚክ አንባቢ ወንጀሉ ሲፈጸም በሥዕሉ ላይ ስላየ የተያዘው ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ያውቃል፤ የዳኝነት ሸንጎው አባላት ግን ያንን ገጽ አላዩም። ሕጉ የጀግናውን ፊት ለማየት የሚሻው ጀግንነቱን በመናቅ ሳይሆን፣ በስሕተት የተያዘ ሰውም በዚያው ደጃፍ ታስሮ ሊገኝ ስለሚችል ነው።