የሼክ ኑር አረጋውያንና የባለሱቁ ደብተር

በሐርጌሣ ከተማ ሼክ ኑር የተባለው ሠፈር ከስደት የተመለሱ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ከተማይቱ በቦምብ በተደበደበች ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ በኢትዮጵያ ምድር በሐርቲሼክ ተጠልሎ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ አዝለው የተሻገሩት እናቶች ዛሬ አርጅተዋል።

የብዙዎቹ አረጋውያን ምግብ የሚገኘው ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በሐዋላ ከሚልከው ገንዘብና ባለሱቁ በዱቤ ከሚሰጠው ሩዝ፥ ዱቄትና ስኳር ነው። ሸቀጡ በአብዛኛው በበርበራ ወደብ የሚገባ ስለ ሆነ ዋጋው በሩቅ አገር ይወሰናል። በ2022 ድርቁና የዩክሬን ጦርነት እህልን ባስወደዱበት ወራት፥ አፕሪል 1 ቀን ምሽት የዋሄን ገበያ ተቃጠለ። መደብሩ ዐመድ የሆነበት ነጋዴ ለሌላው ዱቤ ከየት ያመጣል?

በቤታቸው ያሉ ሽማግሌ ረሃባቸውን አይናገሩም፤ አስቀድመው ወተቱን ይተዋሉ፤ ከዚያም እራታቸውን በሻይ ያልፋሉ። የርዳታ መዝጋቢም ብዙ ጊዜ ጣራ ያለውን ቤት አልፎ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ ይሄዳል። ስለዚህ አስተዳዳሪዎች የችግረኞችን ስም በሚያጣሩበት ጊዜ የሠፈሩን ባለሱቅ ቢጠይቁ ይበጃል፤ ሁለት ኪሎ ሩዝ ይወስዱ የነበሩት እናት «ግማሽ ኪሎ ብቻ ስጠኝ» ሲሉ አስቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነውና።