ያውቁ ኖሯል? አላስካን ላላዩ ሰዎችም ጉዳቱ ተሰልቷል

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአላስካ ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ ከባሕር ውስጥ ዓለት ጋር ተጋጭታ ከ40 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። ጉዳቱ ሲገመት ግን የተሰላው የዓሣ አጥማጆቹ ኪሳራ ብቻ እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል?

በአደጋው 250,000 ያህል የባሕር ወፎች እንዳለቁ ይገመታል፤ እነዚህ ደግሞ ገበያ ወጥተው ዋጋ የሚቆረጥላቸው አይደሉም። ስለዚህ የአላስካ ግዛት ያሠማራቸው የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በመላ አሜሪካ ከ1,000 በላይ ነዋሪዎችን በየቤታቸው ጠየቁ፦ እንዲህ ያለ አደጋ በዚያ ባሕር ዳግም እንዳይደርስ ቤተሰብዎ አንድ ጊዜ ይህን ያህል ዶላር ቢከፍል ይስማማሉ? አብዛኞቹ ያን ባሕር ጎብኝተው አያውቁም። ያም ሆኖ ከመልሶቹ የተሰላው መካከለኛ መጠን 31 ዶላር ሆነ። በመላ አገሪቱ ቤተሰቦች ቁጥር ሲባዛ 2.8 ቢሊዮን ዶላር መጣ!

የመርከቧ ባለቤት ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ለመክፈል የተስማማው የፍትሐ ብሔር ካሳ 900 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከገንዘቡም ከፊሉ የዱር እንስሳቱ የሚጠለሉባቸውን ደኖችና የባሕር ዳርቻዎች ለመግዛት ዋለ።